ስለ መሥመር ጥበቃ፦ ከከዚራ ቴሌግራፍ እስከ ዘመናችን የሳይበር ጥቃት

በሙያችን ስብሰባዎችና ዐውደ ጥናቶች ላይ ስለ ሳይበር ጥቃት በተነሣ ቁጥር፣ ነገሩ ትናንት ከኮምፒዩተር ጋር ተወልዶ ዛሬ ያለ ዝግጅት የደረሰብን አዲስ መቅሠፍት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ከዚህም የተነሣ መከላከያው ሁሉ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ መሣሪያ፣ ዕውቀቱም ሁሉ ከባዕድ የሚቀዳ ትምህርት ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት በታሪክ መርምሮ ማረም ነው። አንድ አገር ወይም አንድ ድርጅት ህልውናውን በአንድ መሥመር ላይ ባንጠለጠለ ጊዜ፣ መሥመሩ የብረት ሐዲድም ይሁን የመዳብ ሽቦ ወይም የመስታወት ክር፣ የሚያሰጋው ነገር በመሠረቱ ያው ነው። የተለወጠው የአጥቂው ርቀትና ፍጥነት ነው። በየዘመኑ ጉዳቱን የተቋቋሙትም ቢሆኑ መሥመሩ ሲሞት ሥራን በእጅ ማስቀጠል የሚያውቁ ሰዎች የነበሯቸው ናቸው። ይህን ለማየት ደግሞ ከከዚራ የተሻለ ቦታ በአገራችን አይገኝም።

እንደሚታወቀው ከዚራ የባቡር ልጅ ነው። ደቻቱ ወንዝ ከመጋላ የሚለየው ይህ የድሬዳዋ ክፍል፣ ቀጥ ያሉ መንገዶቹን፣ ጥላ የሚጥሉ ዛፎቹንና ጣቢያውን ያገኘው ከምድር ባቡሩ ኩባንያ ፕላን ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ውስጥ ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መሥመር የመዘርጋት ግዴታ ይገኝበት ነበር። ስለዚህ ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሁለት መሥመር ይዞ ደረሰ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ዕቃና ሰው፣ ሁለተኛው ወሬ የሚያጓጉዝ። ከዚያው ዘመን አካባቢ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር ደግሞ የመንግሥቱ የራሱ ነበር። ያ ትውልድ ሁለት መሥመሮች፣ ሁለት ባለቤቶች እንደነበሩት ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የመሥመር ጥበቃ ጥያቄ በድሬዳዋ የተነሣው ገና ሐዲዱ ሳይደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1902 የፈረንሳይ መንግሥትና ኩባንያው በመካከላቸው ባደረጉት ስምምነት፣ የግል ድርጅት ሆኖ የተፈቀደው ባቡር ከፈረንሳይ መንግሥት ቁጥጥር ሥር የሚገባበት ሁኔታ ተፈጠረ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የፈቀዱት መጓጓዣ እንጂ በአገራቸው ውስጥ የሌላ መንግሥት ክንድ አልነበረምና። እንግሊዞችና ጣልያኖችም በየፊናቸው ጣልቃ ገቡ፤ ኩባንያው በገንዘብ ችግር ወደቀ፤ ሐዲዱም በአዲስ ውል ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ቀረ። አዲሱ ውል የተፈረመው በ1900 ዓ.ም.፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የከዚራ ነዋሪዎች የመጨረሻ ጣቢያ በመሆናቸው ከዚህ መዘግየት ብዙ ተጠቅመዋል፤ ከተማዋ የደረጀችው በዚያ ዕረፍት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። «መሣሪያውን የሠራው ማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ በዘመናችን የመረጃ ደኅንነት ባለሙያዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚያነሡት ቢሆንም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድመው ጠይቀውታል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥፋት ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር የዋህ ይመስላል። በሐዲዱ ሥራ ጊዜ መሬታቸው ሳይጠየቁ የተቆረሰባቸው የኢሳ ጎሣዎች የሥራ ሰፈሮችን ያጠቁ ነበር፤ ብረቱ ለጦር፣ ሽቦው ለጌጥ ይፈለግ ነበር። የእንጨት ምሰሶዎችን ምስጥ ይበላቸዋል፣ የዱር አውሬ ይገፋቸዋል። እነዚህን ነገሮች የጊዜው ተጓዦች እንደ ቀልድ ጽፈዋቸዋል፤ ነገር ግን አንድ ምሰሶ ሲወድቅ የአንድ አገር ደብዳቤ የሚቆምበትን ሁኔታ ማንም የጥገና ሠራተኛ እንደ ቀልድ አያየውም። በነጠላ ሐዲድ ላይ አንዱ ጣቢያ ቀጣዩን ጣቢያ ጠይቆ መንገዱ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር አይለቅም። ሽቦው ከተቆረጠ ወይ ባቡሩ ይቆማል፣ ወይ አስቀድሞ በጽሑፍ በተወሰነ ደንብ መሠረት በጥንቃቄ ይሄዳል። የባቡር ሰዎች ይህን ደንብ በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ ሽቦ እንደሚቆረጥ ያውቃሉና።

ሽቦን መቁረጥ ብቻ ሳይሆን በሽቦ መዋሸትም የቆየ ጥበብ ነው። ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ለአንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጉቦ እየሰጡ፣ በመንግሥት መልእክቶች መካከል የተስማሙበትን ስሕተት በማስገባት የፓሪስን የገበያ ዋጋ ከሌላው ነጋዴ ቀድመው በቦርዶ ያውቁ ነበር። ያ ቴሌግራፍ ኤሌክትሪክ እንኳ አልነበረውም፤ በኮረብታ ላይ ክንዱን እያወዛወዘ የሚናገር የእንጨት መሣሪያ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት በዚያው በ1895 ዓ.ም. ደግሞ፣ በግንቦት ወር፣ ሎንዶን ውስጥ የማርኮኒ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ለሕዝብ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ኔቪል ማስክሊን የተባለ ባላጋራ ከውጭ ሆኖ በራሱ ማሠራጫ የስድብ ቃላት አስገባበት። ማርኮኒ መሣሪያው ከሌላ ጣልቃ ገብነት የተጠበቀ ነው ብሎ ያስነግር ነበር። ማስክሊን ያደረገውን አልደበቀም፤ ለሕዝቡ ጥቅም ሲባል ጉድለቱን ማሳየት ይገባል ሲል ተከራከረ። በዘመናችን የሥርዓትን ድክመት ለባለቤቱ የሚጠቁሙ ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱ ምስጋና ይሁን ክስ እንደሚገባቸው ስንከራከር፣ ክርክሩ የጀመረው በእኛ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ራሳችን ትልቁ ምሳሌ እንመለስ፤ ይህም የ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ነው። ስለዚያ ጦርነት ሲነገር አውሮፕላኑ፣ የመርዝ ጋዙ፣ መድፉ ይነሣል፤ ይገባልም። የራዲዮው ጉዳይ ግን በእኛ በመገናኛ ባለሙያዎች ዘንድ እንኳ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። በሰሜን ግንባር ራሶቹ እርስ በርሳቸውና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚገናኙባቸው የራዲዮ መሣሪያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ርቀቱ ሰፊ፣ የመልእክተኛው እግር ዘገምተኛ በመሆኑ የጦሩ ዕቅድ ሁሉ በእነዚያ በጥቂቶቹ ላይ ወደቀ። የጣልያን የመረጃ ክፍል ደግሞ መልእክቶቹን ጠልፎ ያነብ ነበር። ማርሻል ባዶልዮ ከድሉ ማግሥት ስለ ዘመቻው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከተጠለፉት መልእክቶች እየጠቀሰ ያለ ኀፍረት ተናግሮታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ውጊያ በፊት ለእቴጌ መነን የላኩት መልእክት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ነገሩን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጣልያኖችን በማይጨው ለማጥቃት ያሰቡት በመጋቢት አጋማሽ ነበር፤ ጥቃቱ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ መጋቢት 22 ቀን ተፈጸመ። ጠላት በዚያ ሳምንት ምሽጉን አጠናከረ። ጥቃቱ መምጣቱን ከራዲዮውም ከከዱ ሰዎችም ዐውቋልና፣ የክብር ዘበኛው በዚያ ንጋት የተነሣው ነቅቶ በሚጠብቅ ጠላት ላይ ነበር። ጦርነቱ የተሸነፈው በራዲዮ ምክንያት ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል፤ በጋዝና በአውሮፕላን የተፈጸመውን ግፍ ማቃለልም ይሆናል። ይሁን እንጂ ደካማው ወገን በእጁ የነበረውን አንድ ብልጫ፣ ማለትም መቼና የት እንደሚመታ የመወሰንን ምስጢር፣ በገዛ መሣሪያው አማካይነት ለጠላቱ ማስረከቡ የማይካድ ነው።

ስለ ምን ሆነ? በጊዜው የነበሩት ሰዎች አስተዋይነት ስለጎደላቸው አይደለም። መሣሪያው ከአገልግሎቱ ጋር መጣ፤ የመሣሪያው አደጋ ትምህርት ግን አብሮ አልመጣም። በአማርኛ የተነገረ ነገር በራሱ ምስጢር ነው የሚል የተሸሸገ እምነትም ሳይኖር አይቀርም፤ በኤርትራ ለዐሥርተ ዓመታት ለቆየ ቅኝ ገዥ ግን አማርኛ ዐዋቂ አስተርጓሚ የሚቸግረው አልነበረም። ዛሬም ቢሆን «የእኛን ሥርዓት ማን ያውቀዋል? ማንስ ይፈልገዋል?» የሚሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ስንሰማ የምንሰማው ያንኑ እምነት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ በድሬዳዋ ጣቢያ ቆም ብለው፣ በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ከሐረርና ከአዲስ አበባ የመጡት የጣልያን ጦር ክፍሎች ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። የከዚራ ጣቢያ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ የስደትም የወረራም መሸጋገሪያ ሆነ፤ መሥመር ለያዘው ሁሉ ያገለግላልና።

ከ41 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1969 ዓ.ም.፣ ያው መሥመር በሌላ መንገድ ተጠቃ። የኦጋዴን ጦርነት በይፋ ከመፈንዳቱ አስቀድሞ በሶማሊያ የሚደገፉ ሸማቂዎች የአዲስ አበባና የጅቡቲን ባቡር ድልድዮች አፈረሱ። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከፍ ያለ ድርሻ የሚተላለፍበት መሥመር ተቋረጠ፤ አገልግሎቱ የተመለሰውም በ1970 ዓ.ም. ነው። አጥቂዎቹ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከሚዘረጋ ሐዲድ ውስጥ የመረጡት ድልድዮቹን ብቻ ነበር። ሜዳ ላይ የተነቀለ ሐዲድ በቀናት ይጠገናል፤ የፈረሰ ድልድይ ግን ወራት ይፈልጋል። በሙያችን ቋንቋ ብንናገር፣ ተለዋጭ የሌለውን አንድ ነጥብ ፈልገው አገኙ። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ራሷን ሲያጠቃ ከተማዋ በብርቱ ውጊያ ተከላከለች፤ አልወደቀችም። ነገር ግን ያልወደቀች ከተማ ባቡር አልነበራትም። ድርጅትን ለመጉዳት በሩን ሰብሮ መግባት የግድ አለመሆኑን፣ የሚመገብበትን መሥመር መምታት እንደሚበቃ የድሬዳዋ ሰው ከማንም የመማሪያ መጽሐፍ በፊት በኑሮው ተምሯል።

በቅንፍ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። አደጋ ሁሉ ጠላት የለውም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ቤትና መዝገብ አልለየም። መጠባበቂያ ቅጂውን ከዋናው መዝገብ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ከጠላፊም ከወንዝም አያመልጥም።

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ተከትሎት መጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለየ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና ተደራጀ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ቅጣቱ እንዲከብድ፣ ወንጀሉን ያወቀ አገልግሎት ሰጪም እንዲያሳውቅ ደነገገ። ይህን የማሳወቅ ግዴታ በተግባር ስናየው ግን የአገራችን ድርጅቶች ልማድ ተቃራኒው ነው። የተዘረፈ ሰው ይጮኻል፤ የተጠለፈ ድርጅት ግን ዝም ይላል። ባቡር ድልድዩ ሲፈርስ መደበቅ አይችልም ነበር፤ ሁሉም ያያልና ሁሉም ይማርበታል። የኮምፒዩተር ጥቃት የሚደበቅ በመሆኑ አንዱ መሥሪያ ቤት የቀመሰውን መራራ ሌላው ከመጀመሪያው እንደገና ይቀምሰዋል።

በግልጽ ከተነገሩት መካከል ሰፊ ስም ያገኘው የሰኔ 2012 ዓ.ም. ጥቃት ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት በዚያ ወር፣ ከሰኔ 10 እስከ 13 ባሉት ቀናት መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ ተቋማት ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውንና ከዚያ የከፋ ጉዳት እንዳያደርሱ መከልከላቸውን ኤጀንሲው ገለጸ። ከቡድኖቹ አንዱ ራሱን ሳይበር ሆረስ ብሎ ይጠራ ነበር። በተጠለፉት ድረ ገጾች ላይ የፈርዖን አልባሳት የለበሰ አፅም ማጭድ ይዞ ታየ፤ ስለ ዓባይ የሚያስፈራራ ጽሑፍም ተለጠፈ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ያ ድርጊት ከ1969ኙ የድልድይ ማፍረስ ይልቅ ከአውሮፕላን ወረቀት መበተንን ይመስላል። ድረ ገጽ የመሥሪያ ቤት በር ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ቀለም ቢቀባ ቤቱ አይወድቅም። ሕዝቡ ግን ቤቱ የወደቀ ያህል ደነገጠ፤ የአጥቂው ዓላማም ይኸው ድንጋጤ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች የገንዘብ ተቋማት የሚጠቀሙባቸው እርስ በርስ የተሳሰሩ 37 ሺህ ኮምፒዩተሮች የጥቃት ዒላማ እንደነበሩ ሲገልጹ፣ ነገሩ ከሰሌዳው አልፎ ወደ ግምጃ ቤቱ መሄዱ ታወቀ። ስለ ፊተኛው ብዙ ተወራ፤ ስለ ኋለኛው ጥቂት። ሚዛኑ መገልበጥ ነበረበት።

እንዲያውም በአገራችን ከታዩት ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ጥቃት ያልሆነው ነው። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ስሕተት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው የተማሪ መኖሪያ በስልክ ተዳረሰ። ባንኩ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ ወጣ፤ አብዛኛውም ኋላ ተመልሷል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስረግጦ ተናገረ፤ እውነትም ነው። ሆኖም ለባለሙያ ይህ መጽናኛ ሊሆን አይገባም። ማንም ሳይገፋው የተከፈተ በር፣ የሚገፋው ቢመጣ ምን ይሆን ነበር? በሩ የተከፈተውም በገዛ ጥገናችን ጊዜ ነው። የድሮ የባቡር ሠራተኛ ሐዲድ ሲጠግን በሁለቱም አቅጣጫ ቀይ ባንዲራ የሚተክለው በከንቱ አልነበረም።

ስለ ማዳመጥም ጥቂት ማለት ይገባል። በጥር 2010 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ፣ በቻይና ዕርዳታ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ኮምፒዩተሮች መረጃ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር ሲል ጻፈ። ቻይና አስተባበለች። ክሱ እውነት ይሁን አይሁን፣ የምኒልክን የ1894 ዓ.ም. ቁጣ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው የታወቀ ነው፤ በሌላ እጅ ተሠርቶ፣ ተገጥሞና ተፈትኖ የተረከብነው ቤት ቁልፉ ስንት ነው? ማዳመጥ ከባዕድ ብቻ አይመጣም። በ2006 ዓ.ም. ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ማእከል በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒዩተሮች ላይ ሀኪንግ ቲም ከተባለው የጣልያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ጋር የሚመሳሰል ፕሮግራም እንደተሞከረ ገለጸ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ የደንበኞቹ ደብዳቤ ለዓለም ተዘረገፈ። የስለላ መሣሪያ ሻጭ የራሱን ቤት መዝጋት አለመቻሉ ለገዢዎቹ ሁሉ ማስጠንቀቂያ በሆነ ነበር።

ከዓለም ምሳሌዎች ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ዩክሬን ውስጥ አጥቂዎች በኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች የመቆጣጠሪያ ክፍል ገብተው ማቋረጫዎቹን ከሩቅ ከፈቱ፤ ወደ 225 ሺህ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ወደቁ። ኃይሉ ግን በጥቂት ሰዓታት ተመለሰ። የተመለሰው በኮምፒዩተር አልነበረም፤ ሠራተኞች በመኪና ወደየማከፋፈያ ጣቢያው ሄደው ማቋረጫዎቹን በእጃቸው ዘጉ። የኮምፒዩተር ቁጥጥሩ ዘመናዊ ቢሆንም መሣሪያው በእጅ መሥራት የሚችል፣ ሠራተኛውም በእጅ መሥራትን ያልረሳ በመሆኑ ዳኑ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ የወደብና የባቡር ድርጅት ትራንስኔት ኮምፒዩተሮች ሲመቱ፣ የደርባን ወደብ ሠራተኞች ኮንቴይነር በወረቀት ወደ መመዝገብ ተመለሱ፤ ሥራው ተጓተተ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ግን ጨርሶ አልሞተም።

ይህን ይዘን ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ የምናየው ያሳስባል። አሮጌው ባቡር በናፍጣ ይሄድ፣ ጣቢያዎቹ በሽቦ ይነጋገሩ፣ መዝገቡም በቀለም ይጻፍ ነበር፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው የግድ አይበላሽም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ጣቢያው ከከዚራ ወጣ ብሎ የተሠራው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚያስተላልፈው 283 ኪሎ ሜትር መሥመርም ያንኑ መተላለፊያ ይከተላል። የባሕር በር ስለሌለን የዓለም አቀፍ ኢንተርኔታችን ከፍ ያለ ክፍል በፋይበር የሚወርደው በዚሁ በኩል ነው። ደረቅ ወደቡ፣ ጉምሩኩ፣ ባንኩ በዚያ ፋይበር ላይ ተንጠልጥለዋል። በምኒልክ ዘመን ሁለት መሥመርና ሁለት ባለቤት ነበር ያልነው እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው በድሬዳዋ በመሆኑ፣ ከተማዋ ዳግመኛ የሁለት ኩባንያ መሥመር ደንበኛ ሆናለች። ለአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ውል መፈረም ሁለት መንገድ ማግኘት አይደለም፤ ሁለቱ መሥመሮች በአንድ ድልድይ ሥር የሚያልፉ ከሆነ የ1969ኙ ድልድይ ሥር ነን።

የባቡሩ ራዲዮስ? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፖላንድ ውስጥ ከ20 የሚበልጡ ባቡሮች በድንገት ቆሙ። ማንም ኮምፒዩተር ውስጥ አልገባም፤ ባቡርን በአስቸኳይ ለማስቆም የሚያገለግለው የራዲዮ ምልክት ያለ ምንም የምስጢር ቁልፍ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ድምፁን የሚያሰማ ርካሽ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ሊልከው ይችል ነበር። ከማስክሊን 120 ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ ማለት ነው። በአዲሱ መሥመራችን ላይ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን የየራሳቸውን ራዲዮ በዚህ ዐይን መርምረው፣ ያገኙትን ቢያንስ ለማኅበሩ የቴክኒክ ኮሚቴ በዝግ ስብሰባ ቢያቀርቡ፣ ከውጭ ከሚጋበዝ መምህር ብዙ ትምህርት የበለጠ ይጠቅመናል። የዩክሬንን ሠራተኞች ያዳነው የእጅ ሥራም እንዲሁ በልምምድ የሚገኝ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት በዓመት አንድ ቀን ሥርዓቱን ዘግቶ በወረቀት፣ በስልክና በእጅ ቢሠራ፣ የትኛው ሥራ ከመጀመሪያው ሰዓት እንደሚቆም ያውቃል። በከዚራ ጣቢያ በአሮጌው ደንብ ባቡር ይልኩ የነበሩ ጡረተኞች ዛሬም አሉ፤ በየዓመቱም ይቀንሳሉ። ዕውቀታቸውን የጻፈላቸው ጥቂት ነው።

አዲሱን ባቡር ለስድስት ዓመት ያህል ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። በርክክብ ጊዜ የሚቆጠሩት ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎችና መለዋወጫዎች ናቸው። የይለፍ ቃሎቹን፣ ከሩቅ የሚገባባቸውን በሮችና ሥርዓቱን የሚያድሱትን ውሎች ዝርዝርም ከእነዚያ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ቆጥሮ የመረከብ ሥራ በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ ነው።